ፕላስቲክ ወይስ ብረት? ለገጠር ይዞታ ከመንገድ ሥር የሚቀበረውን ቱቦ ስለ መምረጥ

የክረምት ውሃ የእርሻን ወይም የቡና ማጠቢያን መግቢያ መንገድ ሳያፈርስ አቋርጦ እንዲያልፍ ከመንገዱ ሥር የሚቀበረው ቱቦ፥ በመደብሮቻችን ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ብቻ ተመዝኖ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ገዥው «የፕላስቲኩ ይሻላል ወይስ የብረቱ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም በመደብሩ ያለውን ያመሰግናል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በነሐሴ የተደረመሰ ቱቦ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው የቡናው ለቀማ ሲደርስ ነው። ቀይ የቡና ፍሬ በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻልና፥ አንድ አይሱዙ ሙሉ ፍሬ ከተቆረጠ መንገድ ላይ ቆሞ ያደረ እንደ ሆነ የዚያ ቀን ኪሣራ ከቱቦው ዋጋ ይበልጣል። አስመጪውም ቢሆን ለአገሩ አፈር የማይስማማውን ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ በመጋዘን ሲያከማች ገንዘቡን አሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓይነቶች በምን በምን እንደሚለያዩ፥ ነጋዴውም ገዥውን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው እዚህ ላይ በመጠኑ እንገልጻለን።

የብረቱ ቱቦ ዕድሜው ረዥም ነው። ሽንሽን ቆርቆሮን ጠቅልሎ ቱቦ ማድረግ በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ግዛት ክሮፎርድስቪል በምትባል ከተማ ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1896 የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። የእኛ አገር የመንገድ ሠራተኞች ይህንኑ ዕቃ «አርምኮ» ብለው መጥራታቸው ከአንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ስም የተወሰደ ነው። የፕላስቲኩ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ቱቦው የሚሠራበት ጠንካራ ፖሊኢቲሊን በጀርመናዊው ኬሚስት በካርል ዚግለር እጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፥ ሊቁም ከጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ጋር በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል።

በገበያ ላይ «ፕላስቲክ» የሚለው ስም ብዙ ዕቃ ይሸፍናልና መጀመሪያ ይህን መለየት ያስፈልጋል። ለመኪና መንገድ የሚሆነው ውጭው ሽንሽን፥ ውስጡ ለስላሳ የሆነው ባለ ሁለት ግድግዳ ፖሊኢቲሊን ነው። ለቤት ፍሳሽ የሚሸጠው ስስ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ በላዩ የጭነት መኪና ሲያልፍበት ይሰነጠቃል። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ባለ አንድ ግድግዳውም ከማሳ ውስጥ እርጥበት ለማውጣት እንጂ ጎርፍ ለማሳለፍ አይደለም።

ሰዎች በብዛት የሚስቱት በጥንካሬው ጉዳይ ላይ ነው። «ብረት ከላስቲክ ይበረታል» መባሉ በእጅ ሲነኩት እውነት ይመስላል። ነገር ግን በምህንድስናው አነጋገር ሁለቱም ተጣጣፊ ቱቦዎች ናቸው። የሲሚንቶው ቱቦ ጭነቱን በራሱ ግድግዳ ሲሸከም፥ እነዚህ ሁለቱ ግን ሸክሙ ሲጫናቸው በመጠኑ ወደ ጎን እየተለጠጡ በግራና በቀኝ ያለውን አፈር ይገፋሉ፤ መልሶ የሚደግፋቸውም ያው አፈር ነው። ጎኑ በሚገባ ያልተጠቀጠቀ እንደ ሆነ ብረቱም ይጨፈለቃል፥ ፕላስቲኩም ይጠፈጠፋል። እንግዲህ ጥንካሬ የሚፈልግ ገዥ ከቱቦው ይልቅ ስለ አቀባበሩ ቢጨነቅ ይሻለዋል።

ምርጫውን በእውነት የሚወስኑት አፈሩና ውሃው ናቸው።

የብረት ቱቦ ከዝገት የሚጠበቀው በተለበጠበት ዚንክ ነው። ዚንክ ደግሞ አሲድ አይወድም። አምራቾቹ ራሳቸው በዚንክ የተለበጠ ቱቦ የአሲድነት መለኪያው፥ ማለት ፒ.ኤች.፥ ከ6 እስከ 10 በሆነ አፈርና ውሃ ውስጥ እንዲቀበር ይመክራሉ። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያለው ቀይ አፈራችን ዝናቡ ብዙ በሆነበት ሁሉ አሲድ የበዛበት እንደ ሆነ ኖራ የሚነሰንሱ ገበሬዎች ሁሉ ያውቁታል፤ በብዙ ቦታ መለኪያው ወደ 5 አካባቢና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። ከተፈለፈለው ቡና የሚወጣው ጣፋጭ ውሃ ሲቦካ መለኪያው ወደ 4 ይደርሳል። እንደዚህ ያለ ውሃ ዘወትር በለቀማ ወራት የሚያልፍበት የዚንክ ቱቦ ከሥሩ፥ ውሃው ከሚተኛበት ወለል ጀምሮ፥ ይበላል። ከብቶች ከሚያድሩበት ግቢ የሚወርደው ፍሳሽም ለዚንክ ወዳጅ አይደለም። ፖሊኢቲሊን ግን ይህ ሁሉ አይነካውም። ስለዚህ ከማጠቢያ ጣቢያ ለሚወጣ ፍሳሽ የሚሆን ቱቦ ለሚጠይቅ ደንበኛ የብረቱን በቅናሽም ቢሆን መሸጥ ተገቢ አይመስለንም።

አሲድ ብቻም አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፥ በተለይም በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች እንደሚታየው ጨው የወጣበት አፈር፥ ፒ.ኤች.ው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ብረትን ቶሎ ያዝገዋል። አፈሩ ለኤሌክትሪክ የሚሰጠው መቋቋም ከ2,000 ኦም ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የዚንክ ቱቦ አይመከርም። በአሉሚኒየም የተለበጠ የብረት ቱቦ የሚባል ደግሞ አለ፤ እርሱ ፒ.ኤች. ከ5 እስከ 9 ስለሚችል በመካከል ላለው አፈር መፍትሔ ይሆናል፤ ለቦካ የቡና ፍሳሽ ግን እርሱም አይበቃም። ገዥው የላቦራቶሪ ምርመራ ማድረግ ባይችል እንኳ አንድ እፍኝ አፈር በዝናብ ውሃ በጥብጦ ካጠለለ በኋላ የፒ.ኤች. ወረቀት ቢነክርበት ግምቱን ያገኛል። ይህን ወረቀት ከቱቦው ጎን አስቀምጦ መሸጥ ለባለ መደብሩም የሚጠላ ንግድ አይደለም።

በአንጻሩ ፕላስቲክ የማይችለው እሳት ነው። ፖሊኢቲሊን በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ አንዴ አፉ ከተያያዘ እሳቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊገባ ይችላል። ገበሬው ገለባና ቁጥቋጦ በሚያቃጥልበት፥ ከሰል በሚከሰልበት አገር በበጋ ደርቆ በሣር የተሸፈነ የቱቦ አፍ አደጋ ላይ ነው። ከዚህ የሚያድነው ሁለቱን አፎች በድንጋይ ግንብ ማነጽና ፕላስቲኩ ከግንቡ ወጥቶ እንዳይታይ ማድረግ ነው። ብረቱም በበኩሉ ሌባ አለበት፤ ለቁራሌው የሚሸጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ነውና ከመንገድ ርቆ በቀረ ሥፍራ አፉ ተቆርጦ ሲወሰድ ይታያል።

በተራራማ ቦታ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ የሚመጣ ከሆነ የብረቱን ወለል ዚንኩን እየፋቀ ያራቁተዋል። ወለሉን በሲሚንቶ ማልበስ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ፕላስቲክ አሸዋንና ጠጠርን በደንብ ይቋቋማል፤ ትልልቅ ሹል ድንጋይ ግን ሊቀደው ይችላል። እንደዚህ ባለ ወንዝ ላይ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከሁለቱም ይልቅ የድንጋይ ድልድይ ይሻላል።

አሁን ስለ መጠን እንናገር፤ የሻጮች ማስታወቂያ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነውና። የአየርላንዱ መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ ባወጣው ስሌት መሠረት የለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ ሻካራነት 0.012 ገደማ፥ የሽንሽኑ ብረት ደግሞ 0.024 ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «የእኛ ቱቦ በእጥፍ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በትንሹ ይብቃዎት» የሚል ሻጭ አለ። ስሌቱ ለረዥም ቱቦ እውነት ነው። ለእርሻ መግቢያ የሚቀበረው ግን ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚሆን አጭር ቱቦ ነው፤ እንዲህ ባለው አጭር ቱቦ፥ ተዳፋትነቱ በመጠኑም ያለ ከሆነ፥ ውሃውን የሚገታው የመግቢያው አፍ ጥበት እንጂ የውስጡ ሻካራነት አይደለም። በሩ የጠበበ ገበያ ውስጡ ሰፊ ቢሆን በሩ ላይ የሚጋፋው ሰው ቶሎ አይገባም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለአጭር ቱቦ ፕላስቲክ ሆነ ብሎ ስፋትን መቀነስ ጎርፉን በመንገዱ ላይ እንዲሄድ መጋበዝ ነው።

የስፋቱን ነገር በአንድ ምሳሌ እንየው። አሥር ሄክታር፥ ማለት ሩብ ጋሻ ያህል መሬት፥ ውሃው ወደ አንድ መሻገሪያ ይወርዳል እንበል። ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሆነ ኃይል ቢወርድና ከመቶው 40 እጁ በመሬቱ ላይ ቢፈስ፥ መሻገሪያው ላይ የሚደርሰው ውሃ በሴኮንድ 667 ሊትር ይሆናል። የ600 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውሃው እስከ አፉ ጫፍ ሲሞላ የሚያሳልፈው በሴኮንድ 300 ሊትር ገደማ ነው፤ ብረትም ሆነ ፕላስቲክ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የ900 ሚሊ ሜትሩ ግን ከ800 ሊትር በላይ ያሳልፋል። ሁለት ባለ 600 ጎን ለጎን መቅበር ሊበቃ የሚቃረብ ቢመስልም፥ ጎርፉ የሚያመጣው ጭራሮና አገዳ ጠባቡን አፍ ቶሎ ይወትፈዋልና አንዱ ባለ 900 ይመረጣል። ባለ 300 ቱቦ በርካሽነቱ ብዙ ይሸጣል፤ ነገር ግን የ600ው አፍ ስፋት የእርሱን አራት እጥፍ መሆኑን ለገዥው መንገር ይገባል።

ወደ አስመጪው ጉዳይ ስንመጣ ቱቦ ሲጫን በአብዛኛው የሚጓጓዘው አየር ነው። ባለ 40 ጫማው ኮንቴይነር ውስጡ 12.03 ሜትር ያህል ርዝመት፥ 2.35 ሜትር ወርድና 2.39 ሜትር ከፍታ አለው። የውስጥ ስፋቱ 600 የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 710 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በወርድ ሦስት፥ በከፍታ ሦስት፥ በጠቅላላው ዘጠኝ ይገባል፤ ርዝመቱ 5.8 ሜትር ሆኖ ከተቆረጠ ሁለት ተራ ይሆናልና አሥራ ስምንት ቱቦ፥ 104.4 ሜትር ማለት ነው። ሜትሩ 16 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ሁሉም አንድ ላይ 1,700 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ኮንቴይነሩ ግን ከ26,000 ኪሎ ያላነሰ ይሸከማል። የባሕሩ፥ የጂቡቲውና እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ወጪ ሁሉ በነዚያ መቶ ሜትሮች ላይ ይከፋፈላል። ርዝመቱን 6 ሜትር አድርጎ ያዘዘ ሰው ደግሞ፥ የመጋጠሚያው አፍ ሲታከልበት ሁለተኛው ተራ አልገባ ብሎት የኮንቴይነሩን ግማሽ ባዶ ያመጣል። ስለዚህ በትእዛዙ ላይ 5.8 ሜትር ብሎ መጻፍ ትልቅ ነገር ነው።

የዚህ መድኃኒቱ አንዱን በሌላው ውስጥ መክተት ነው። ባለ 300ው በባለ 450ው ውስጥ፥ ባለ 450ው በባለ 600ው ውስጥ ይገባል፤ መጋጠሚያቸው ለብቻ የሚመጣና ጫፋቸው ሜዳ የሆኑ ቱቦዎች ሲሆኑ ማለት ነው። በዚያው ኮንቴይነር ከሦስቱም መጠን 104.4 ሜትር፥ በድምሩ 313.2 ሜትር ይመጣል። ብረቱም ሙሉ ቱቦ ሆኖ ከመጣ ያንኑ አየር ይጭናል፤ ነገር ግን በግማሽ ክብ ተሠርቶ እንደ ሳህን የሚደራረብና በቦታው በብሎን የሚታሰር ዓይነት አለ። እርሱን የሚያመጣ አስመጪ ቦታው ሳያልቅበት ክብደቱ ያልቅበታል፤ ከመኪና መንገድ ርቆ በጋማ ከብት ወይም በሰው ትከሻ ወደሚደርስ ይዞታም ቁራጭ በቁራጭ ለመውሰድ ይመቻል። አስመጪው የዋጋ ማቅረቢያዎችን ሲያመዛዝን ከፋብሪካው ደጃፍ ያለውን ዋጋ ትቶ ሞጆ ሲደርስ የአንዱ ሜትር ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ቢያሰላ፥ ከውጭ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ተራውን ይለውጣል። ከአገር ውስጥ ፋብሪካ የሚገዛ ቱቦ ካለ ይህ ሒሳብ ሁሉ ወደ እርሱ ያጋድላል።

በገጠር ያለው ማጓጓዝም ሊታሰብበት ይገባል። ባለ 600 ብረት፥ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ሜትሩ ወደ 28 ኪሎ ነው፤ የሲሚንቶው ግን ከ350 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 5.8 ሜትሩን ፕላስቲክ አራት ሰዎች ያለ ችግር ተሸክመው ያወርዱታል። ሲሚንቶ ቱቦን ለገጠር ይዞታ ያስተወው ድክመቱ ሳይሆን ይህ ክብደቱ ነው።

በትእዛዝ ወረቀት ላይ «ጥሩ ዓይነት» ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። ለብረቱ የዚንኩ ልባስ በሁለቱም ፊት በድምሩ በካሬ ሜትር 610 ግራም እንዲሆን ይጠየቅ፤ የመንገድ ቱቦ ደረጃ የሚለው ይህን ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከዚህ እጅግ ያነሰ ዚንክ ነው ያለው፤ ከክዳን ቆርቆሮ ተጠቅልሎ በቱቦ ስም የሚቀርብ ዕቃ በአንድ ሁለት ክረምት ያልቃል። በጌጅ የሚቆጠርም ከሆነ ቁጥሩ ሲበዛ ብረቱ እንደሚሳሳ ማስታወስ ነው፤ የክዳኑ 28 ወይም 32 ጌጅ ሲሆን የቱቦው 16 ነው። ለፕላስቲኩ ደግሞ የግትርነት ደረጃው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ኤስ.ኤን. 4 ወይም ኤስ.ኤን. 8 ተብሎ የሚጻፈው፥ ይጠየቅ፤ የጭነት መኪና ለሚያልፍበት ባለ 8ቱ ይመረጣል። ቀለሙ ጥቁር የሆነው ለውበት አይደለም። ከፀሐይ የሚጠብቀው ከመቶ 2 እስከ 3 የሚሆን የካርቦን ጥላሸት ተቀላቅሎበት ነው፤ ሌላ ቀለም ያለውን ከመግዛት በፊት ምን እንደ ተጨመረበት መጠየቅ አይከፋም።

ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ሻጩ ስለ አቀባበሩ ሁለት ቃል ቢናገር ቅሬታ ይዞ የሚመለስ ደንበኛ ይቀንስለታል። ጉድጓዱ ከቱቦው ግራና ቀኝ ሰው ገብቶ ለመጠቅጠቅ የሚበቃ ስፋት ይኑረው። ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ደቃቅ ገረጋንቲ ይነጠፍ። ከዚያም በሁለቱም ጎን እኩል እኩል፥ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየተደረበ ይጠቅጠቅ። በመረሬ ወይም ዋልካ አገር የተቆፈረውን ያንኑ ጥቁር አፈር መልሶ መሙላት ትልቅ ስሕተት ነው፤ በክረምት አብጦ በበጋ ተሰንጥቆ ቱቦውን ከመደገፍ ይልቅ ያንገላታዋል፤ ስለዚህ ገረጋንቲ ከሌላ ቦታ ይምጣ። ከቱቦው ጀርባ እስከ መንገዱ ፊት ከ30 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የተጠቀጠቀ አፈር ያስፈልጋል፤ ሥራው ሳያልቅ ከባድ ማሽን የሚያልፍ ከሆነ 90 ሴንቲ ሜትር ይከመርበት። ፕላስቲክ ከውሃ ይቀላልና በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ክረምት ሳይገባ መቅበር ይገባል። ሥራው ሲያልቅ የባለ 600ው ቱቦ ከፍታ ከ570 ሚሊ ሜትር በታች ወርዶ ከተገኘ፥ ማለት ከመቶ 5 በላይ ከተጫነ፥ ጎኑ ስላልተጠቀጠቀ ነውና ተቆፍሮ እንደገና ይቀበር።

የውሃው መውጫ ደግሞ ይረሳል። በመቀሌና በአድዋ መካከል ስላለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፥ በቱቦ የተሰበሰበው ውሃ ከመንገዱ በታች ባለው ማሳ ላይ አዲስ ሸለቆ መቁፈሩን አሳይቷል። ቀድሞ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ በአንድ አፍ ስናወጣው ጎልበቱ ይበዛል፤ ፕላስቲኩ ውስጡ ለስላሳ ስለ ሆነ ውሃው ከብረቱ ይልቅ ፈጥኖ ይወጣበታል። ከመውጫው በታች የድንጋይ ንጣፍ ካልተደረገ የታችኛው ጎረቤት ማሳ ይቦረቦራል፤ ክሱም የሚመጣው በቱቦው ባለቤት ላይ ነው።

በመደብር ግቢ የሚቆለሉ የፕላስቲክ ቱቦዎች በአንድ ወገን ፀሐይ ብቻ ሲመታቸው ስለሚጎብጡ ጥላ ያስፈልጋቸዋል፤ ቁልሉም ከታች ያለውን እንዳይጨፈልቅ ዝቅ ይበል። የብረቶቹ ደግሞ እርጥብ መሬት ላይ ተደራርበው ከከረሙ ዚንኩ ነጭ ዱቄት ያወጣልና በእንጨት ላይ ከፍ ብለው አየር ያግኙ። የመጋጠሚያ ቀለበቱና ጎማው ከየቱቦው ጋር በቁጥሩ ተቆጥሮ ይታዘዝ፤ አሥር መቶኛ ያህልም ትርፍ ይያዝ፤ ቱቦው ደርሶ ቀለበቱ ቢጎድል ሌላ ፋብሪካ የሠራው ቀለበት ብዙ ጊዜ አይገጥመውምና።